አክሊሉ ለማ፦ የአጣቢ ሴቶችን አረፋ ወደ ቤተ ሙከራ የወሰዱት ሳይንቲስት

ፔካ 12 ስሙን ያገኘው ከርቀቱ ነው። ከጂቡቲ ከተማ ማዕከል 12 ኪሎ ሜትር ላይ የሚገኘውን ይህን ሰፈር ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎቹ የኪሎ ሜትር ነጥብ ከሚለው ሐረግ ሁለት ፊደል ወስደው ከቁጥሩ ጋር አጣመሩለት። ለኢትዮጵያውያን የከባድ መኪና አሽከርካሪዎች ግን ፔካ 12 ከቁጥርም በላይ ነው። ከወደቡ የሚረከቡትን ጭነት የሚጠብቁበት፣ ወደ ጋላፊ ከሚወስደው ረጅም መንገድ በፊት አረፍ የሚሉበት፣ ከአገር ቤት ርቀው አማርኛ የሚሰሙበት ሰፈር ነው።

በዚያ ሙቀት ቀይ ወጥ የበላ ሰው በላብ ይጠመቃል። ምላሱ ይቃጠላል፤ ፊቱ ይቀላል፤ አፍንጫው ይፈሳል። ሆኖም በአፉ ውስጥ እሳት የለም። በበርበሬና በሚጥሚጣ ውስጥ የሚገኘው ካፕሳይሲን የተባለ ውህድ በነርቭ ሕዋሳት ሽፋን ላይ ያለን አንዲት በር ይከፍታል። ይህች በር በተፈጥሮዋ የምትከፈተው ኃይለኛ ሙቀት ሲነካት ነው። በካፕሳይሲን ስትከፈት ካልሲየምና ሶዲየም ወደ ሕዋሱ ይገባሉ፤ ነርቩም ተቃጠልኩ ብሎ ለአንጎል ያሳውቃል። ቁልፉ በርበሬ ውስጥ አለ፤ በሩ ደግሞ የሰው አካል ውስጥ።

አንድ ተክል የሠራው ውህድ የሌላን ፍጡር የሕዋስ አጥር እንዴት አልፎ ይገባል? ይህ ጥያቄ በኢትዮጵያ የሳይንስ ታሪክ ውስጥ ከአንድ ሰው ስም ጋር ተቆራኝቶ ይኖራል። እኚህ ሰው ያጠኑት ተክል በርበሬ ሳይሆን የልብስ ማጠቢያው እንዶድ ነበር። የእንዶድ ውህድ በር አንኳኩቶ አይገባም፤ አጥሩን ራሱን ይበሳል። ተመራማሪው ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ ናቸው።

ከባልቲሞር ወደ ዓድዋ

በ1930ዎቹ አጋማሽ የተወለዱት አክሊሉ ለማ ከፍተኛ ትምህርታቸውን የተከታተሉት በዩናይትድ ስቴትስ ነው። ባልቲሞር በሚገኘው በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የሳይንስ ዶክትሬታቸውን ሲያገኙ ትኩረታቸው ሰውን የሚያጠቁ ጥገኛ ተሕዋስያን ላይ ነበር። በዚያ ዘመን ካሳተሟቸው ጥናቶች አንዱ ቁንጭርንና ካላዛርን የሚያመጡትን የሌሽማኒያ ተሕዋስያን ከሰው ሕዋስ ውጭ በቤተ ሙከራ ስለማሳደግ የሚያወሳ ነው።

በአውሮፓውያኑ 1964 ወደ አገራቸው ተመልሰው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ጀመሩ። ወጣቱ ምሁር ከቤተ ሙከራው ይልቅ ወንዞችን አስቀደሙ። በአገሪቱ ብዙ ቦታዎች ሰዎችን የሚያደክመውን፣ ሕፃናትን ከዕድገት የሚያስቀረውን ቢልሃርዝያን ማጥናት ፈልገው ነበር።

ቢልሃርዝያ ያለ ቀንድ አውጣ አይኖርም። በበሽታው የተያዘ ሰው በውኃ አቅራቢያ ሲጸዳዳ የትሉ እንቁላሎች ወደ ወንዙ ይገባሉ። ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው እጭ ተስማሚ የሆነ የውኃ ቀንድ አውጣ ማግኘት አለበት፤ ካላገኘ ይሞታል። ካገኘ በቀንድ አውጣው ውስጥ ይራባና በሺዎች ሆኖ ወደ ውኃው ይመለሳል። ከዚያ በኋላ የሚያጥበውን፣ የሚዋኘውን፣ ከብት የሚያጠጣውን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። ገበሬውም ሆነ እረኛው የበሽታውን መግቢያ አያየውም። ቁስል አይተውም፤ የሚጠጣ ውኃ ብቻ የሚፈራ ሰው ወንዝ ተሻግሮ በሽታውን ይዞ ይመለሳል።

ሰንሰለቱን ለመበጠስ ከሚያስችሉት መንገዶች አንዱ እንግዲህ ቀንድ አውጣውን ማጥፋት ነበር። በዚያ ዘመን ለዚህ የሚውሉት በፋብሪካ የተመረቱ ኬሚካሎች ነበሩ። ዋጋቸው ውድ ነው፤ የሚገዙትም በውጭ ምንዛሪ ነው። በሽታው የሚበዛው ግን ይህን መክፈል በማይችሉ አገሮች ነው።

አክሊሉ በዚያው ዓመት ለጥናት ወደ ዓድዋ ወረዱ። በከተማዋ አካባቢ በሚገኙ ጅረቶች ዳር ቀንድ አውጣ እየለቀሙ ሳለ አንድ ነገር ትኩረታቸውን ሳበው። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች፣ አረፋው እየፈሰሰ በሚወርድበት በኩል፣ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት ይንሳፈፉ ነበር። ከዚያ ከፍ ብሎ ባለው የውኃው ክፍል ግን ቀንድ አውጣዎቹ በሕይወት አሉ።

ወጣቱ ተመራማሪ በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎችን በዕቃ ሰብስበው ከአጣቢዎቹ አንዷን ከእንዶዱ አረፋ ጥቂት እንድትጨምርላቸው ጠየቁ። ቀንድ አውጣዎቹ ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ። በኋላ ዓለም አቀፍ ክርክር ያስነሳው ምርምር የመጀመሪያው ሙከራ የተካሄደው በዚህ መልክ፣ በወንዝ ዳር፣ በአንዲት አጣቢ ሴት እጅ ነው።

አረፋው ምን ይሠራል?

እንዶድ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም። በደጋና በወይና ደጋ አጥር ላይ እየተጠመጠመ የሚያድግ ቁጥቋጦ ነው። ፍሬው ተለቅሞ፣ ደርቆ፣ ተወቅጦ በውኃ ሲዘፈዘፍ አረፋ ይሰጣል። ሸማና ጋቢ በእንዶድ ታጥቦ መንጣቱ ከዘመናት ጀምሮ የሚታወቅ ነው። የባህል ሐኪሞችም ለልዩ ልዩ ሕመም ተጠቅመውበታል።

ይህን አረፋ የሚሰጠው ሳፖኒን የተባለ የውህዶች ቤተሰብ ነው። ስሙ ራሱ ከላቲኑ የሳሙና ቃል የመጣ ነው። የሳፖኒን ሞለኪውል ሁለት ጠባይ አለው። አንደኛው ወገኑ ስኳር የተቀጣጠለበት ስለሆነ ውኃ ይወዳል፤ ሌላው ወገኑ ስብ ይወዳል። የልብስን ቅባት ከጨርቁ የሚያላቅቀው በዚህ ሁለት ጠባዩ ነው።

የሕዋስ ሽፋንም የተሠራው ከስብ ነው። ሁለት ድርብ ስስ የስብ ንጣፍ ሆኖ ሕዋሱን ከውጭው ዓለም ይለየዋል። በእንስሳት ሕዋሳት ውስጥ ይህን ንጣፍ ከሚያጸኑት ነገሮች ዋነኛው ኮሌስትሮል ነው። ሳፖኒን ሽፋኑ ውስጥ ገብቶ ከኮሌስትሮሉ ጋር ይጣበቃል። ተጣብቀው ሲከማቹ የሽፋኑ አሠላለፍ ይፈርሳል፤ ቀዳዳም ይፈጠራል። ያኔ ሽፋኑ የፈለገውን አሳልፎ ያልፈለገውን የመከልከል ችሎታውን ያጣል። ጨውና ውኃ ያለ ገደብ ይገባሉ፤ ውስጥ መቅረት የነበረበትም ወደ ውጭ ይፈስሳል።

የካፕሳይሲንና የሳፖኒን ልዩነት እዚህ ላይ ይታያል። ካፕሳይሲን የሚሠራው በዋናነት አንድ የታወቀ በር ባላቸው ሕዋሳት ላይ ነው። በቤተ ሙከራ በሚያድጉ የአንጀት ሕዋሳት ላይ የተደረጉ ጥናቶች ደግሞ በሕዋሳት መካከል ያለውን ስፌት ለጊዜው እንደሚያላላ አሳይተዋል። ውህዱ ሲነሣ ስፌቱ ተመልሶ ይጠብቃል። ሳፖኒን ግን በር አይመርጥም። መጠኑ ከበዛ ያገኘውን ሽፋን ይበሳል፤ ቀይ የደም ሕዋስ በቤተ ሙከራ ብልቃጥ ውስጥ ሲነካው ይፈነዳል።

ታዲያ አጣቢዋ ሴት ስለምን አልተጎዳችም? የሰው ቆዳ ወፍራምና የሞቱ ሕዋሳት የተደራረቡበት መከላከያ ነው። አንጀትም ሳፖኒንን እምብዛም አይቀበልም። ዓይን ላይ ሲረጭ ግን ያቃጥላል፤ ይህን እናቶችም በልምድ ያውቁታል። ገላው ለስላሳና ዘወትር ከውኃው ጋር የሚገናኝ ቀንድ አውጣ እንዲህ ያለ መከላከያ የለውም። ዓሣም በስንጥቡ በኩል ስለሚጋለጥ ይሞታል። በመሆኑም እንዶድ በየትኛው ውኃ፣ በምን ያህል መጠን ይጨመር የሚለው ከመጀመሪያው አንሥቶ ጥንቃቄ የሚሻ ጉዳይ ነበር። በጎ ጎኑ ደግሞ በውኃ ውስጥ ቶሎ መፈራረሱ ነው፤ ለረጅም ጊዜ ተከማችቶ አይቆይም።

ሌላም የሚያስደንቅ ነገር አለ። በፍሬው ውስጥ ያለው ሳፖኒን ፍሬው ሳይነካ ሳለ ኃይሉ ደካማ ነው። ሲወቀጥና ውኃ ሲነካው በራሱ በፍሬው ውስጥ ያለ ኢንዛይም ከሳፖኒኑ ላይ አንዱን የስኳር ሰንሰለት ይቆርጣል፤ ያኔ ገዳዩ ቅርጽ ይወጣል። እንግዲህ ወቅጦ መዘፍዘፍ የሚለው የእናቶች አሠራር የአጋጣሚ ልማድ ብቻ አልነበረም። ኬሚስትሪው የሚጠይቀውን ሥርዓት ማንም ሳይነግራቸው ይፈጽሙ ነበር።

የዓድዋው ሙከራ

አክሊሉ በ1966 በዩኒቨርሲቲው ውስጥ የፓቶባዮሎጂ ተቋምን መሠረቱ። የተቋሙ ዓላማ በኢትዮጵያ የሚገኙ በሽታዎችን በኢትዮጵያ ውስጥ ማጥናት ነበር። ደም ወይም ቀንድ አውጣ ወደ ውጭ አገር ተልኮ መልሱ እስኪመጣ መጠበቅ እንዲቀር ፈለጉ። ተመራማሪዎቹ ከቢልሃርዝያ ሌላ ቁንጭርንም በደጋው መንደሮች እየተዘዋወሩ አጥንተዋል።

የእንዶድ ጥናት ከቤተ ሙከራ ወደ ሕዝብ የተሻገረው በዓድዋ ነው። ከ1960ዎቹ መጨረሻ እስከ 1970ዎቹ መጀመሪያ ለአምስት ዓመታት ያህል በከተማዋና በአካባቢዋ ባሉ ጅረቶች እንዶድ በመርሐ ግብር ተጨመረ። ዱቄቱ የቀንድ አውጣውን እንቁላል እምብዛም ስለማይነካ ሥራው አንድ ጊዜ ተደርጎ የሚተው አልነበረም። እንቁላሉ ሲፈለፈል እንደገና መጨመር፣ ጅረቱን መከታተል፣ ነዋሪውን መመርመር ያስፈልጋል።

ውጤቱ የሚያበረታታ ነበር። ከሕዝቡ ከግማሽ በላይ በሚሆነው ላይ ይታይ የነበረው በሽታ ወደ ሲሶ ገደማ ወረደ። ከሁሉ በላይ ለውጡ ጎልቶ የታየው በትናንሽ ሕፃናት ላይ ነው። ይህም ትርጉም ነበረው። አዋቂው ከሙከራው በፊት የያዘውን ትል ለዓመታት ሊሸከም ይችላል። በሙከራው ዘመን የተወለደ ሕፃን ግን ንጹሕ ሆኖ ከቆየ ወንዙ ራሱ ተለውጧል ማለት ነው።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ ዩናይትድ ስቴትስ፣ ካሊፎርኒያ በሚገኘው በስታንፎርድ የምርምር ተቋም ከኬሚስቶች ጋር በተደረገ ሥራ ቀንድ አውጣውን የሚገድሉት ሳፖኒኖች ተለይተው ቅርጻቸው ታወቀ። ከእነርሱ አንዱ ሌማቶክሲን ተባለ። ስያሜው ከአክሊሉ አባት ስም የተወሰደ ነው። ለማ የሚለው የኢትዮጵያዊ አባት ስም በዓለም የኬሚስትሪ መዝገብ ውስጥ በዚህ መንገድ ገባ።

ሁለተኛው አጥር

የሕዋሱን አጥር ማለፍ ለእንዶድ የደቂቃዎች ሥራ ነበር። የዓለም አቀፍ ተቋማትን አጥር ማለፍ ግን ለአክሊሉ ሩብ ምዕተ ዓመት ፈጀባቸው።

እንዶድ በሌሎች አገሮች ለቢልሃርዝያ መከላከያ እንዲውል የዓለም ጤና ድርጅትን የመሰሉ አካላት ድጋፍ ያስፈልገው ነበር። ድጋፉ እንዲሰጥ ደግሞ ተክሉ ለሰውና ለአካባቢ አደገኛ አለመሆኑ ዓለም አቀፍ ደረጃ በሚያሟሉ ቤተ ሙከራዎች እንዲረጋገጥ ተጠየቀ። ጥያቄው በራሱ ተገቢ ነው። ሕዝብ በሚጠጣው ውኃ ውስጥ የሚጨመር ነገር መመርመር አለበት። ችግሩ እንዲህ ያሉ ቤተ ሙከራዎች በአፍሪካ አለመኖራቸው፣ የምርመራው ወጪም ከባድ መሆኑ ነበር።

ለፋብሪካ ኬሚካል ይህን ወጪ የሚሸፍነው አምራቹ ድርጅት ነው፤ ገንዘቡን ከሽያጭ ይመልሰዋልና። ማንም ገበሬ በአጥሩ ላይ ሊያበቅለው የሚችለውን ተክል ለማስመርመር ግን የሚነሣሣ ባለሀብት አልተገኘም። የእንዶድ ትልቁ ጥቅም፣ ማለትም ድሀው ሳይገዛ ሊያገኘው መቻሉ፣ ለእድገቱ እንቅፋት ሆነበት።

አክሊሉ በኋለኛው ዘመናቸው ደጋግመው እንደገለጹት እንቅፋቱ የገንዘብ ብቻ አልነበረም። በአፍሪካ ውስጥ በአፍሪካውያን የተገኘ ውጤት በምዕራቡ ዓለም ባሉ ባለሙያዎች ዘንድ ያለው ተአማኒነት አነስተኛ እንደሆነ ያምኑ ነበር። በእርሳቸው እምነት የአፍሪካ ሳይንቲስት የሚጎድለው መሣሪያ ብቻ አይደለም፤ በመሣሪያው የደረሰበትን ውጤት የሚያምነውም ይጎድለዋል።

በሌላ በኩል ጊዜ እየተለወጠ ነበር። ከ1980 ገደማ ጀምሮ ፕራዚኳንተል የተባለው መድኃኒት ለሕዝብ መድረስ ጀመረ። ትሉን በሰው አካል ውስጥ እንዳለ የሚገድል ውጤታማ መድኃኒት በመሆኑ የዓለም ትኩረት ከወንዙ ወደ ሕመምተኛው ዞረ። መድኃኒቱ ብዙ ሕይወት አድኗል። ሆኖም ታክሞ የዳነ ሕፃን ወደዚያው ጅረት ሲመለስ እንደገና ከመያዝ አያድነውም። አክሊሉ ለእንዶድ ይከራከሩ የነበረው በዚህ ክፍተት ላይ ቆመው ነው።

አገሪቱም ተለውጣ ነበር። ከአብዮቱ በኋላ፣ በ1970ዎቹ አጋማሽ፣ አክሊሉ ኢትዮጵያን ለቀው በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ውስጥ በሳይንስና ቴክኖሎጂ ለልማት ዘርፍ ማገልገል ጀመሩ። ኋላም በጣሊያን ፍሎረንስ በሚገኘው የዩኒሴፍ የሕፃናት ማዕከል በምክትል ዳይሬክተርነት ሠርተዋል። ከወንዙ ራቁ፤ ከእንዶድ ግን አልራቁም።

ተክሉን የጠበቁት ባልደረባ

አገር ቤት የቀረውን ሥራ ያስቀጠሉት ዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ናቸው። አክሊሉ ተክሉ ምን እንደሚሠራ ካሳዩ፣ ለገሠ የትኛው እንዶድ የተሻለ እንደሆነ ለማወቅ ደከሙ። ከልዩ ልዩ የኢትዮጵያ አካባቢዎች የእንዶድ ዝርያዎችን ሰብስበው አንድ ቦታ ላይ ተከሉ። የፍሬ ብዛታቸውን፣ ለተባይ ያላቸውን ጥንካሬ፣ ቀንድ አውጣ የመግደል ኃይላቸውን ለዓመታት አነጻጸሩ። ከእነዚህ መካከል ቁጥር 44 የተሰጠው ዝርያ ከሌሎቹ ልቆ ተገኘ። በኋላ ሌሎች የአፍሪካ አገሮች ለሙከራ ሲጠይቁ የሚታወቀው በዚሁ ቁጥሩ ነው።

በ1986 በዛምቢያ ርእሰ ከተማ ሉሳካ ስለ እንዶድ ዓለም አቀፍ የሳይንስ ጉባኤ ተካሄደ። ከዚያ በኋላ በካናዳ ድጋፍ፣ ዓለም አቀፍ ደረጃን በጠበቁ ቤተ ሙከራዎች፣ ለዓመታት ሲጠየቅ የነበረው የደኅንነት ምርመራ ተደረገ። ውጤቱ የዓድዋ እናቶች የሚያውቁትን የሚመስል ነበር። በሚፈለገው መጠን ለአጥቢ እንስሳት ያለው ጉዳት አነስተኛ ነው፤ ዓይንን ግን ይቆጠቁጣል።

በ1989 አክሊሉ ለማና ለገሠ ወልደዮሐንስ በጋራ በስዊድን የሚሰጠውን፣ ብዙዎች አማራጭ ኖቤል የሚሉትን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ። የተሸለሙት ለድሆች በሚደርስ ዋጋ ቢልሃርዝያን ለመከላከል የሚያስችል ግኝት ስላበረከቱና ለተግባራዊነቱ ያለ መታከት ስለተሟገቱ ነው። አክሊሉ በዚያው ዓመት ከፊንላንዳዊው ምሁር ፔንቲ ማላስካ ጋር ስለ አፍሪካ መጻኢ ዕድል ያዘጋጁት ጥናት ለሮም ክለብ ቀርቦ ታትሟል።

የሐይቁ ዛጎልና የባለቤትነት ጥያቄ

የእንዶድ ታሪክ ከዚያ በኋላ ባልተጠበቀ አቅጣጫ ዞረ። በ1980ዎቹ መጨረሻ በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች ውስጥ ከአውሮፓ በመርከብ የመጣ፣ የሜዳ አህያ የመሰለ ጭረት ያለው ትንሽ ባለ ዛጎል እንስሳ መራባት ጀመረ። የውኃ ማከፋፈያዎችንና የኃይል ማመንጫዎችን ቧንቧ እየዘጋ ከባድ ኪሳራ አደረሰ።

ከነዚህ ሐይቆች በአንዱ፣ በኤሪ ሐይቅ ዳር፣ በቶሌዶ ከተማ ያለው ዩኒቨርሲቲ አክሊሉን የክብር ዶክትሬት ሊሰጣቸው ጋብዟቸው ነበር። እርሳቸውም ባለ ዛጎሉ እንስሳ የቀንድ አውጣ ዘመድ መሆኑን ያውቃሉ። እንዶድ ሲሞከርበት ሞተ። የሕዋሱ ሽፋን በኮሌስትሮል እስከ ጸና ድረስ ሳፖኒኑ የዓድዋ ይሁን የኦሃዮ ውኃ አይለይምና።

በ1993 ይህን አጠቃቀም የሚመለከት የፈጠራ ባለቤትነት መብት በዩናይትድ ስቴትስ ተሰጠ። የመብቱ ባለቤት የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ይህ ጉዳይ ስለ አገር በቀል ዕውቀት በሚከራከሩ ወገኖች ዘንድ ቁጣ ቀሰቀሰ። ተክሉን ከየአጥሩ ለቅመው፣ ወቅጠው፣ ዘፍዝፈው ያቆዩት የኢትዮጵያ ገበሬዎችና እናቶች በውሉ ውስጥ የሉም። ለሁለት ዐሥርት ዓመታት በአፍሪካ ለሚሞቱ ሕፃናት ገንዘብ ያጣው ተክል፣ የበለጸገ አገር ቧንቧ ሲዘጋ ወዲያው ዋጋ አገኘ የሚለው ትችት እስከ ዛሬ ከእንዶድ ስም ጋር ይነሣል። የብዝኀ ሕይወት ሀብት ለሀገሩ ሕዝብ ምን ይመልስ በሚለው የዓለም ክርክር ውስጥም እንዶድ ደጋግሞ የሚጠቀስ ምሳሌ ሆኗል።

ከእርሳቸው በኋላ

አክሊሉ በመጨረሻ ዓመታቸው ዶክትሬታቸውን ወዳገኙበት ወደ ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተመልሰው በሕዝብ ጤና ትምህርት ክፍል ሠርተዋል። በሚያዝያ 1997፣ በስልሳዎቹ የዕድሜ ክልል መጀመሪያ ላይ ሳሉ፣ ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመሠረቱት ተቋም ዛሬ በስማቸው ይጠራል። በዚያ የሚማሩ ወጣቶች ዛሬም ወደ ወንዝ ወርደው ቀንድ አውጣ ይለቅማሉ።

እርሳቸው ባረፉበት በዚያው ዓመት፣ ከስድስት ወራት በኋላ፣ በካሊፎርኒያ የዴቪድ ጁሊየስ የምርምር ቡድን ካፕሳይሲን የሚከፍታትን የነርቭ በር ማንነት ይፋ አደረገ። በርበሬ ለምን ያቃጥላል የሚለው ጥያቄ መልስ አገኘ። ግኝቱ ስለ ሕመም ያለውን ዕውቀት ስለለወጠ ጁሊየስ በ2021 የኖቤል ሽልማት ተጋርተዋል። ሁለቱ ግኝቶች የተነሡት ከወጥ ቤትና ከልብስ ማጠቢያ ነው። አንደኛው ጥያቄ ከቀረበ በኋላ በጥቂት ዓመታት የዓለም መማሪያ መጻሕፍት ውስጥ ገባ። ሌላኛው ሩብ ምዕተ ዓመት ማስረጃ ሲጠየቅ ኖረ።

ቢልሃርዝያ ከኢትዮጵያ አልጠፋም። በየትምህርት ቤቱ ለሕፃናት የሚሰጠው መድኃኒት ሥቃዩን ቀንሷል፤ ጅረቱ ግን በብዙ ቦታ እንደነበረ ነው። እንዶድ በአክሊሉ ምኞት ልክ የአገሮች መርሐ ግብር ሆኖ አልተስፋፋም። እነርሱ የተመኙት ገበሬው ራሱ ተክሎ፣ ራሱ ለቅሞ፣ የመንደሩን ውኃ ራሱ የሚጠብቅበት አሠራር ነበር። ለዚህ የሚያስፈልገው ዘር፣ ዕውቀትና ልምድ ሁሉ በአገር ውስጥ ይገኛል።

በፔካ 12 ጭነቱን ተረክቦ ወደ ጋላፊ የሚነሣ አሽከርካሪ ሸሚዙን የሚያጥበው ከሱቅ በተገዛ የዱቄት ሳሙና ነው። ምናልባት አያቱ በእንዶድ ነጭ ጋቢ ያነጣ ትውልድ ናቸው። ከባሕር ማዶ የሚመጣው ሳሙና ምቹ ስለሆነ የእንዶድ አጥር በየመንደሩ እየተነቀለ፣ ወቅጦ የመዘፍዘፉም ልማድ ከእናቶች ጋር እየሄደ ነው። አክሊሉ ለማ በ1964 ወደ ዓድዋ ሲወርዱ የሚያስፈልጋቸውን ሁሉ ወንዙ ዳር አግኝተውት ነበር፤ ተክሉን፣ አረፋውን፣ የሞተውን ቀንድ አውጣ፣ ከሁሉም በላይ አሠራሩን የምታውቀውን ሴት። የእርሳቸው ድርሻ ቆም ብሎ ማየትና መጠየቅ ነበር። አጣቢዎቹ ከወንዙ ዳር ከተነሡ በኋላ የሚመጣው ተመራማሪ የሚጠይቀው ሰው አያገኝም።